ጓዳ የገባው ዓምደኛ፦ የሙኑ ብሃይ ጉዳይ

በሜይ 1978 ላሆር ውስጥ ሦስት የፓኪስታን ጋዜጠኞች በወታደራዊ ፍርድ ቤት ውሳኔ ተገረፉ። አራተኛውም ተፈርዶበት ነበር፤ ጤናው አይችልም ተብሎ ቀረለት። ጥፋታቸው የጋዜጣ መዘጋትን መቃወም ነበር። ጋዜጣው ሙሳዋት ይባላል።

ጥቂት ዓመታት አለፉ። ያው መንግሥት በሚያዝበት፣ በአገሩ ብቸኛ በሆነው ቴሌቪዥን ሶና ቻንዲ የሚባል ተከታታይ ድራማ መታየት ጀመረ። ከገጠር ስለመጡ ሁለት የቤት ሠራተኞች ነው። አገር ምድሩ ወደደው። ደራሲው ደግሞ ሌላ ሰው አይደለም፤ የዚያው የሙሳዋት ዓምደኛ የነበረው ሙኑ ብሃይ ነው።

ይሄ እንዴት ሊሆን ቻለ? ጉዳዩን ከሥሩ እንየው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሰውዬው

የመዝገብ ስሙ ሙኒር አህመድ ቁረይሺ ነው። በፌብሩዋሪ 1933 ፑንጃብ ውስጥ፣ ዋዚራባድ በምትባል ከተማ ተወለደ። ዋዚራባድ ቼናብ ወንዝ አጠገብ ናት። ቢላዋና መቀስ በመሥራት ትታወቃለች፤ የባቡር መስመሮች መገናኛም ናት። አባቱ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። በእናቱ በኩል ያለው አጎቱ ሸሪፍ ኩንጃሂ ደግሞ በፑንጃቢ ቋንቋ ገጣሚነቱ ስሙ የተጠራ ምሁር ነው። ከአንድ ወገን ባቡር፣ ከሌላ ወገን ግጥም። ልጁ ወደ ግጥሙ አዘነበለ።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን የጨረሰው በ1947 ነው። ያ ዓመት እንግሊዞች ለቀው የወጡበት፣ አገሩም ህንድና ፓኪስታን ተብሎ የተከፈለበት ነው። ድንበሩ ፑንጃብን መሀል ለመሀል ሰነጠቃት። ሚሊዮኖች በእግርም በባቡርም ተሰደዱ። ተሳፋሪዎቻቸው የታረዱባቸው ባቡሮች ሬሳ ጭነው ጣቢያ ገቡ። በባቡር ከተማ ላደገ የ14 ዓመት ልጅ ይህ ከሩቅ የሚሰማ ወሬ አልነበረም።

ኮሌጅ የገባው ካምቤልፑር ነው፤ ዛሬ አቶክ የሚባለው ቦታ። ቀጥሎ ራዋልፒንዲ ሄዶ ታሚር በሚባል የኡርዱ ጋዜጣ ተቀጠረ። ሥራው ትርጉምና እርማት ነበር። ብዙ ጋዜጠኛ በዚህ በር ነው የሚገባው፤ የሌላውን ስህተት እያረመ የራሱን ዓረፍተ ነገር ይማራል።

ስሙን ያገኘው በግጥም ነው። ላሆር ለሚታተመው ኢምሮዝ ጋዜጣ ግጥም ላከ። አዘጋጁ አህመድ ናዲም ቃስሚ፣ ራሱም ትልቅ ገጣሚና የአጭር ልብ ወለድ ጸሐፊ፣ ግጥሙን ወደደው። ሲያትመው ግን የጸሐፊውን ስም «ሙኑ ብሃይ» አለው። የህንድ ፊልም እያየ ያደገ ሰው «ብሃይ» ወንድም መሆኑን ያውቃል። «ሙኑ» ደግሞ እኛ ማሙሽ እንደምንለው ዓይነት የልጅ መጠሪያ ነው። ስሙ ተጣበቀበት። በ84 ዓመቱ ሲሞትም አገሩ የሸኘው በዚሁ ስም ነው።

ጋዜጣና ባለቤቱ

ኢምሮዝ ተራ ጋዜጣ አልነበረም። ሚያን ኢፍቲኻሩዲን የሚባል ባለጸጋ፣ ግን ግራ ዘመም ፖለቲከኛ ያቋቋመው ድርጅት ንብረት ነው። ድርጅቱ በእንግሊዝኛ ፓኪስታን ታይምስን፣ በኡርዱ ኢምሮዝን ያሳትማል። የጋዜጦቹ ዋና አዘጋጅ ሆኖ የሠራው ገጣሚው ፋይዝ አህመድ ፋይዝ ነበር። ገጣሚ ዋና አዘጋጅ፣ ገጣሚ ዓምደኛ። በኡርዱ ጋዜጦች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የየቀኑ ዓምድ እንደ ሥነ ጽሑፍ ይቆጠራል። አንባቢም ጋዜጣውን ገዝቶ መጀመሪያ የሚገልጠው የወደደው ዓምደኛ ያለበትን ገጽ ነው።

በኤፕሪል 1959 የጄኔራል አዩብ ኻን መንግሥት ድርጅቱን ነጠቀ። ቃስሚም ከአዘጋጅነቱ ወረደ። በ1964 ጋዜጦቹ ናሽናል ፕሬስ ትረስት የሚባል፣ መንግሥት የሚዘውረው ተቋም ሥር ገቡ። ስለዚህ በ1960ዎቹ የኢምሮዝ ጋዜጠኛ ማለት፣ ትናንት ግራ ዘመም በነበረ ቤት ውስጥ ተቀምጦ የመንግሥትን ደመወዝ የሚበላ ሰው ማለት ነው። እንጀራ ነውና ብዙዎቹ ቆዩ። አንዳንዱ ዝም ብሎ፣ አንዳንዱ በዘዴ እየጻፈ። ሙኑ ብሃይ ከሁለተኞቹ ወገን ነበር።

ዓምዱ «ጊሬባን» ይባላል፤ የሸሚዝ ኮሌታ ማለት ነው። ከጋዜጣ ወደ ጋዜጣ ሲዛወር ይዞት ዞሯል። የሚጽፈው ስለ ሚኒስትር ጉዞ አይደለም። ስለ ጡረተኛ መምህር፣ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ስለሚያድር አባት፣ ደመወዙ ወር ስለማያደርሰው ጸሐፊ ነው የሚጽፈው። ፌዝ ያውቃል፤ ግን ፌዙ ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አይወርድም። በተለይ ስለሞተ ሰው ሲጽፍ አቻ የለውም ይሉታል። ወዳጅ ሲሞት አንባቢ የሙኑ ብሃይን ዓምድ ይጠብቅ ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ልውጣና አንድ ነገር ልንገራችሁ። እስከ 1981 ድረስ የኡርዱ ጋዜጣ በእጅ ነበር የሚጻፈው። ኡርዱ የሚጻፍበት ናስታሊቅ የሚባለው ስልት ፊደሎቹ እየተደራረቡ ቁልቁል ስለሚንሸራተቱ ለማተሚያ ማሽን አልገዛ አለ። በየጋዜጣው ቤት ረድፍ የያዙ ቁም ጸሐፊዎች ቁጭ ብለው ሙሉውን ጋዜጣ በብዕር ይገለብጡታል፤ ከዚያ ይታተማል። በየቀኑ! የሙኑ ብሃይ ዓምድም ለዓመታት እንዲህ ነው አንባቢ ዘንድ የደረሰው። ይህን የቀየረው ጃንግ ጋዜጣ ነው። በኦክቶበር 1981 የላሆር እትሙን ሲጀምር ኑሪ ናስታሊቅ በሚባል የኮምፒውተር ጽሕፈት ወጣ። ጽሕፈቱን አህመድ ሚርዛ ጀሚል የሚባል ባለሙያ ከ15 ሺህ በላይ የፊደል ጥምረቶችን አንድ በአንድ በእጁ ስሎ ነው የሠራው። ቁም ጸሐፊዎቹም ቀስ በቀስ ሥራ ፈቱ።

ከሥራ ክርክር ወደ ፓርቲ ጋዜጣ

1970 ለፓኪስታን ጋዜጠኞች ከባድ ዓመት ነበር። በኤፕሪል የጋዜጠኞች ፌዴሬሽን በደመወዝ ጉዳይ አገር አቀፍ የሥራ ማቆም አድማ ጠራ። ለአሥር ቀን ያህል ጋዜጦች ቀጥ አሉ። ከዚያ በኋላ ብዙ ጋዜጠኛ ተባረረ።

ሙኑ ብሃይም በዚሁ የደመወዝ ውዝግብ የተነሳ ከላሆር ወደ ሙልታን ተዛወረ። ኢምሮዝ እዚያም እትም ነበረው። ሙልታን ከላሆር በደቡብ ምዕራብ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። እንዲህ ዓይነት ዝውውር ምን ማለት እንደሆነ በየትኛውም አገር ቢሮ የሠራ ሰው አይጠፋውም። አላባረሩትም፤ ራሱ እንዲሄድ በሩን ከፈቱለት።

ሄደም። በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ የዙልፊቃር አሊ ቡቶ የሕዝብ ፓርቲ ሙሳዋት የሚባል ዕለታዊ ጋዜጣ ጀመረ። ሙሳዋት እኩልነት ነው። የፓርቲው መፈክር ዳቦ፣ ልብስና ቤት ነበር። ለሙኑ ብሃይ ዓይነት ጸሐፊ ይህ በልኩ የተሰፋ ይመስላል። ዓምዱን ይዞ ገባ።

ሰዎች ስለሱ ሲጽፉ ይህን ምዕራፍ እንደ ጀግንነት ያሳልፉታል። እኔ ግን የጉዳዩ ደካማ ጎን እዚህ ጋ ነው የሚታየኝ። በዲሴምበር 1971 ቡቶ ሥልጣን ያዘ። ከዚያ በኋላ ሙሳዋት የተቃዋሚ ጋዜጣ መሆኑ ቀርቶ የገዢው ፓርቲ ልሳን ሆነ። የቡቶ መንግሥትም ቢሆን የሚነቅፉትን ጋዜጦች ዘግቷል፤ አዘጋጆችንም አስሯል። ስለ ድሃ የሚጽፍ ዓምደኛ፣ በድሃ ስም የሚምል መንግሥት ጋዜጣ ላይ ሲጽፍ ብዕሩ ነጻ ነው ለማለት ይከብዳል። ፓርቲውን የወደደው ከልቡ ነው፤ ለጥቅም ብሎ አይደለም። ይሁን እንጂ ፍቅርም የራሱ ሳንሱር አለው።

ጁላይ 5 ቀን 1977 ጄኔራል ዚያ ኡል ሃቅ ቡቶን ገለበጠ። ሙሳዋት ተዘጋ፣ ተከፈተ፣ እንደገና ታገደ። ጋዜጠኞች ተራ እየገቡ በረሃብ አድማ ተቃወሙ፤ በመቶዎች ታሰሩ። መጀመሪያ ላይ የነገርኳችሁ ግርፋት የዚህ ትግል አካል ነው። በኤፕሪል 1979 ቡቶ ተሰቀለ። በዚያው ዓመት ጋዜጦች ከመታተማቸው በፊት ሳንሱር ፊት እንዲቀርቡ ተደረገ። የተቆረጠው ዜና ቦታ ባዶውን ታትሞ የወጣባቸው ገጾች ነበሩ፤ አንባቢ ነጩን ወረቀት አይቶ ምን እንደጎደለ ይገምታል። በኋላ ባዶ ቦታ መተውም ተከለከለ።

ሙኑ ብሃይ ዓምዱን ይዞ በመጨረሻ ጃንግ ላይ አረፈ። ጃንግ የግል ጋዜጣ ነው፤ አንባቢው ብዙ ነው፤ የፓርቲም አይደለም። ግን ሳንሱሩ ለሁሉም እኩል ነበር።

ሶና እና ቻንዲ

ሙኑ ብሃይ ለቴሌቪዥን አዲስ አልነበረም። የፓኪስታን ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው በኖቬምበር 1964 እዚያው ላሆር ነው። የመጀመሪያው የጣቢያው ኃላፊ አስላም አዝሃር የቲያትር ሰው ስለነበር ጸሐፊ ፍለጋ የሄደው ወደ ጋዜጣ ቤትና ወደ ገጣሚዎች ነው። ሙኑ ብሃይን ድራማ እንዲጽፍ የገፋፋው እሱ ነው። የመጀመሪያ ሥራው የ1965ቱን ከህንድ ጋር የተደረገ ጦርነት የሚመለከት ነበር። ቀጥሎ ሌሎችም መጡ። ከነዚህ አንዱ ጆክ ሲያል ነው፤ ከልብ ወለድ ተወስዶ የገጠር ባላባትን ጉልበት ያሳየ ድራማ። ስሙን ከዳር እስከ ዳር ያዳረሰው ግን ሶና ቻንዲ ነው።

ሶና ቻንዲ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከላሆር ጣቢያ ተላለፈ። አዘጋጁ ራሺድ ዳር ነው። ሶና ባል ነው፤ ስሙ ወርቅ ማለት ነው። ቻንዲ ሚስት ናት፤ እሷ ደግሞ ብር። ሶናን ሃሚድ ራና፣ ቻንዲን ሺባ ሐሰን ተጫወቱ። ባልና ሚስቱ ከገጠር ተነስተው ሥራ ፍለጋ ከተማ ይገባሉ፤ በሰው ቤትም ይቀጠራሉ። ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ይዘዋወራሉ። በየቤቱ ሌላ ቤተሰብ፣ ሌላ ጭቅጭቅ አለ። ሶና የዋህ ነው፤ ጉልበት እንጂ ብልጠት የለውም። ቻንዲ ምላሷ አይታጠፍም። ቤቱን በሁለት ቀን አጥንታ ጨርሳ፣ ጌቶቹ ለዓመታት ያልፈቱትን ጉዳይ ፈትታላቸው ትወጣለች። ጋዩር አኽታር የተጫወተው ገጸ ባሕርይ «ኦሆሆሆ!» እያለ የሚያሰማው ጩኸት ደግሞ የሰፈር ልጅ ሁሉ አፍ ማሟሻ ሆነ።

ያኔ ያለው አንድ ጣቢያ ብቻ ነው። ጥሩ ድራማ ሲኖር ሱቅ ቀድሞ ይዘጋል፤ ቴሌቪዥን የሌለው ጎረቤት ካለው ቤት ይሰበሰባል። በዚያው ጣቢያ ሴት ዜና አንባቢዎች ካልተከናነቡ ስክሪን ላይ አይወጡም ነበር። ጽሑፍ ሁሉ በበላይ ዓይን ያልፋል።

ታዲያ ሶና ቻንዲ እንዴት አለፈ? ሳንሱር ባለበት አገር ያየነውን ሁሉ ሰምና ወርቅ ማድረግ እንወዳለን። ሠራተኛው ሕዝቡ ነው፣ ጌታው ጄኔራሉ ነው እያልን ወርቁን እንቆፍራለን። እኔ እዚህ ድራማ ውስጥ እንደዚያ ያለ ድብቅ ነገር አይታየኝም። ያለው ነገር ሁሉ ፊት ለፊት ነው። ሀብታም ቤት ገብተህ ከጓዳ በኩል ካየኸው ምን ይመስላል? ጥያቄው ይኸው ነው። ሳንሱሩ የሚፈልገው የቡቶን ስም፣ የፓርቲውን መፈክር፣ የወታደሩን ስድብ ነው። እነዚህ አንዳቸውም የሉበትም። አንዲት የቤት ሠራተኛ እመቤቷን «ልጅሽን እስቲ ስሚው» ብትል የትኛው አንቀጽ ይከለክላታል?

ሰውየው ግን ርእሱን አልቀየረም። «ጊሬባን» ላይ በየቀኑ የሚመጣው ሰው፣ ማለትም በሰው ደጅ የቆመው፣ ስሙን ማንም የማይጠይቀው፣ አሁን በቴሌቪዥን መጣ። ያውም በዋና ገጸ ባሕርይነት። ከዚያ በፊት በድራማ የቤት ሠራተኛ ሻይ አስቀምጦ የሚወጣ ሰው ነው። ሶና ቻንዲ ላይ ካሜራው ከሠራተኛዋ ጋር አብሮ ጓዳ ገባ፤ ሳሎኑ ከዚያ ሆኖ ታየ። ለእኔ የጉዳዩ እምብርት ይህ ነው። ዓምደኛው የፓርቲ ጋዜጣ ላይ ሳለ ከጻፈው ይልቅ፣ ፓርቲው ከተሰበረ በኋላ የጻፈው ለነዚያ ሰዎች ሰፊ ቦታ ሰጣቸው።

ዋጋም ተከፍሎበታል። ድራማውን አስተውሎ ያየ ሰው አንድ ነገር ይከነክነዋል። ሶናና ቻንዲ የጌቶቻቸውን ችግር ይፈታሉ እንጂ የራሳቸው ኑሮ ያው ነው። ሀብታሙ ቤት ሰላም ወረደ፤ ሠራተኞቹ ጓዛቸውን ሸክፈው ወደ ቀጣዩ ቤት። ዳቦ፣ ልብስና ቤት የሚለው መፈክር እዚህ የለም። በሱ ፋንታ ደግ ልብ አለ። ደግ ልብ ለየትኛውም መንግሥት አያሰጋም። ድራማው በሳንሱር ያለፈበት ምክንያትና ድክመቱ አንድ ነገር ናቸው። ግን ሌላ ምን ምርጫ ነበረው ብዬ ስጠይቅ መልስ አላገኝም። በዚያን ሰሞን እነሱን ዋና ገጸ ባሕርይ ማድረግ በራሱ ትንሽ ነገር አልነበረም።

ዚያ በ1988 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ገደቡ ሲላላ ሙኑ ብሃይ ወደ ሌላ ቦታ ሄደ። በ1993 የወጣው ዳሽት ባሎቺስታን የሚባለውን የምዕራብ ፓኪስታን ክፍለ ሀገር የጎሳ ሕይወት ይዞ የመጣ ድራማ ነው፤ አዘጋጁ አቢድ አሊ። በረሃ፣ ፍቅር፣ የደም መላሽ። ሳሎንም ጓዳም የለውም። ስለዚህኛው ብዙ የምለው የለኝም፤ ተወዳጅ ነበር፣ ሥዕሉም ያምራል።

ሦስተኛው ብዕር

የሙኑ ብሃይ ዓምድ በኡርዱ ነው፤ ድራማውም በኡርዱ። ግጥሙ ግን በፑንጃቢ ነው።

ይህን ለመረዳት የፓኪስታንን የቋንቋ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ኡርዱ ብሔራዊ ቋንቋ ነው፤ አፉን የፈታበት ግን ከአሥር ሰው አንዱ እንኳ አይሞላም። ፑንጃቢን ደግሞ ከማንኛውም ቋንቋ የበለጠ ሰው ይናገረዋል፤ ግን የጋዜጣም የትምህርት ቤትም ቋንቋ አልሆነም። የላሆር ሰው ቤቱ በፑንጃቢ ያወራል፣ ጋዜጣውን በኡርዱ ያነባል፣ ማመልከቻውን በእንግሊዝኛ ያስገባል። ሙኑ ብሃይ ደመወዙን ያገኘው ከኡርዱ ነው። ምሬቱን ያወጣው በፑንጃቢ ነው። ከግጥሞቹ አንዱ የልጅነትን ረሃብና የአዋቂነትን ረሃብ ያወዳድራል። ልጅ ሲርበው ይለምናል፤ ካጣ አልቅሶ ይተኛል። አዋቂው ግን መለመንም ማልቀስም አይችልም፤ እንቅልፍም የለውም። በቃ፣ ይኸው ነው ግጥሙ። የፖለቲካ ቃል አንድም የለበትም። ዓምዱ ተለሳልሶ የሚያልፈውን፣ ድራማው በሳቅ የሚሸፍነውን ግጥሙ እርቃኑን ያስቀምጠዋል። ሶና ቻንዲ ላይም ኡርዱው የፑንጃብ ገጠር ለዛ አለው፤ ሁለቱ ብዕሮች የተገናኙት እዚያ ነው ማለት ይቻላል።

ደም

በኋለኛ ዕድሜው ሰዎች የሚያገኙት ከጋዜጣ ቤት ይልቅ ሰንዳስ ፋውንዴሽን ነበር። ታላሴሚያና ሄሞፊሊያ (ደም አልረጋ የሚልበት በሽታ) ለያዛቸው ልጆች ደም የሚሰጥ በጎ አድራጎት ድርጅት ነው፤ እሱ ሊቀመንበሩ ሆኖ አገለገለ።

ታላሴሚያ በዘር የሚተላለፍ የደም በሽታ ነው። ከባዱ ዓይነት የያዘው ልጅ ሰውነቱ በቂ ጤነኛ ደም መሥራት አይችልም። በየሁለት እስከ አራት ሳምንቱ የሰው ደም ካልተሰጠው አይኖርም። ደሙ ሲደጋገም ደግሞ ብረት በልብና በጉበት ይከማቻል፤ ለሱም ሌላ መድኃኒት አለ፤ እሱም ውድ ነው። በፓኪስታን ከመቶ ሰው ከአምስት በላይ የሚሆኑት በሽታው ሳይታይባቸው የዘር ምልክቱን ተሸክመው ይኖራሉ። ሁለት ተሸካሚዎች ከተጋቡ እያንዳንዱ ልጃቸው ከአራት አንድ በሆነ ዕድል ይታመማል። የአጎት ልጅ ለአክስት ልጅ መዳር በተለመደበት አገር ደግሞ ይህ ዕድል በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ይደጋገማል። ከጋብቻ በፊት የሚደረግ ተራ የደም ምርመራ ብዙውን ያስቀር ነበር።

ሙኑ ብሃይ እዚህ ያመጣው ገንዘብ አይደለም፤ ብዙም አልነበረውም። ያመጣው ስሙን ነው። ደም ስጡ ብሎ ሲጠራ፣ በየጠዋቱ ሲያነቡት የኖሩ ሰዎች ይመጡ ነበር። ልጆቹም ዓምዱ ላይ ሲጽፍላቸው የኖረው ዓይነት ሰዎች ልጆች ናቸው። አባት የቀን ሠራተኛ፣ እናት የሰው ቤት አጣቢ፤ ልጅ በወር ሁለት ጊዜ ደም ይፈልጋል። ለነሱ ሶና ቻንዲ በቴሌቪዥን የሚስቁበት ነገር ብቻ አይደለም።

በ2007 መንግሥት ለኪነ ጥበብ ሰዎች የሚሰጠውን ፕራይድ ኦፍ ፐርፎርማንስ ሽልማት አገኘ። መጻሕፍቱን ላሆር ለሚገኘው ጋቨርንመንት ኮሌጅ ዩኒቨርሲቲ ሰጠ። ጃንዋሪ 19 ቀን 2018 እዚያው ላሆር አረፈ። ከፍ ካሉት የአገሪቱ ኒሻኖች አንዱ፣ ሂላል ኢ ኢምቲያዝ፣ የተሰጠው ከሞተ በኋላ ነው።

ኢምሮዝ ዛሬ የለም። ሙሳዋትን የሚያነሳው የጋዜጠኝነት ታሪክ የሚያጠና ሰው ነው። ዓምዶቹ በከፊል በመጽሐፍ ተሰብስበዋል፤ ግን ዓምድ የዕለት እንጀራ ነው። ያኔ ሁሉም የሚያውቀው ሚኒስትር ማን እንደነበር ካልተነገረህ ቀልዱ ግማሹ ይጠፋብሃል። ሶና ቻንዲ ግን ዩቲዩብ ላይ አለ። ሥዕሉ ደብዝዟል፣ ድምፁ ይንኳኳል፤ የቻንዲ ምላስ ግን ማብራሪያ አይፈልግም። ካያችሁት፣ ሶናን ብቻ እያያችሁ አትሳቁ። እሷ ስትናገር እመቤቲቱ ፊት ላይ የሚሆነውንም እዩ።